ግምቱ ይቀነስልን

ደብዳቤውን ፍሪጁ ላይ የለጠፈው ራሱ ሮስኮ ቲለሪ ነው። በየካቲት መጨረሻ ከካውንቲው አስተዳደር የቤት ግምት ቢሮ የመጣ ደብዳቤ ነበር። በዚያ ሰፈር እንዲህ ያለ ፖስታ ሲመጣ ሰው ፊቱ ይጠቁራል፤ እሱ ግን ሁለት ጊዜ አነበበውና፣ ልጆች የትምህርት ቤት ውጤታቸውን እንደሚያደርጉት፣ በማግኔት አያይዞ ሰቀለው። አምና ሰባ አምስት ሺህ ዶላር ያወጣል የተባለው ቤቱ ዘንድሮ መቶ አርባ ሁለት ሺህ ያወጣል ይላል። ሮስኮ ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ለሳኝ ሆኖ የሰው ግድግዳ ሲያስተካክል ኖሯል፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የራሱን ቤት በገዛ እጁ ሲጠጋግን፣ ሲያፈርስ፣ ሲቀጥል ኖሯል። የኋላውን ክፍል ብቻውን ነው የሠራው። የመታጠቢያ ቤቱን የወለል ሸክላ ብቻውን ነው ያነጠፈው። ወደ ምድር ቤቱ የሚያወርደውን የእንጨት ደረጃ ነቅሎ በሲሚንቶ የተካውም እሱ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ሰው መጥቶ ጎበዝ ብሎት አያውቅም፤ አሁን መንግሥት ብሎታል፣ ያውም በጽሑፍ።

ልጁ ሬኒታ ቅዳሜ ልብሱን ልታጥብለት ስትመጣ ወረቀቱን አየችና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆመች።

«ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ግምቱ ነዋ። አላየሽም? እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።»

«አባዬ፣ ይሄ እኮ የምስክር ወረቀት አይደለም። በዚህ ላይ ተመሥርተው ነው ግብር የሚያስከፍሉህ። ዋጋው ከፍ ካለ ግብሩም ከፍ ይላል። ሺህ ዘጠኝ መቶ ስትከፍል የነበርከው ሰው ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ልትከፍል ነው። ከየት አምጥተህ?»

ከየት እንደማይመጣ ሁለቱም ያውቁታል። የጡረታው ብር ለመብራት፣ ለጋዝና ለመድኃኒት ነው የሚውለው፤ የግብሩን ግማሽ ከነርሶች ረዳትነት ደመወዟ የምትከፍለው ሬኒታ ናት። ከሦስት ቤት አልፎ ያለው የኦስካር ቤት ሦስት ዓመት ግብር ሳይከፈልበት ቀርቶ ካውንቲው በሐራጅ ሸጦታል፤ ኦስካር ዛሬ የሚኖረው እህቱ ሳሎን ሶፋ ላይ ነው። ሮስኮ ይህን ሁሉ ሰማ፤ ደብዳቤውን ግን አላወረደውም። ሬኒታም አልታገለችውም፤ ስልክ ደውላ ለይግባኝ ሰሚው ቦርድ ቀጠሮ አስያዘች። መጋቢት አሥራ አራት፣ ረፋድ ላይ፣ አራት ሰዓት ከአርባ። የተሰጣቸው ጊዜ አሥር ደቂቃ ነው።

የቀጠሮው ቀን ጠዋት መጥታ ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ ራሷ ነቀለችውና ሰማያዊ ማኅደር ውስጥ ከተተችው። ሮስኮ የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን ጠርጎ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «ደግሞ ይሄን ኮት ለበስክ?» አለችው። «ምን ልልበስ ታዲያ?» አላት። «ያ ክርኑ የተበላው ሹራብህ አይሻልም?» አለችው። ኮቱን እንደለበሰ ወጣና መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። በረዶው ከመንገዱ ዳር ገና አልቀለጠም፤ ጠቁሮ እንደ ከሰል ክምር ሆኗል።

መንገድ ላይ አስጠናችው። «ግብሩ በዛብኝ እንዳትል። ሰው ሁሉ እዚያ ሄዶ ግብሩ በዛብኝ ይልና ባዶ እጁን ይመለሳል። ግብሩን እነሱ አይነኩትም። እኛ የምንለው ግምቱ ተሳስቷል ነው፤ ቤቱ የተባለውን ያህል አያወጣም ነው። ቤቱን ማጣጣል አለብን፣ ገባህ?»

«ማጣጣል።»

«አዎ። እኔ ነኝ የምናገረው። አንተ የምትመጣው ባለቤቱ መገኘት አለበት ስላሉ ነው። ከጠየቁህ ‹አዎ› በል። ሌላ ምንም አትጨምር። ያንን ጣሪያ እንዴት እንደለሰንከው እንዳትተርክላቸው።»

«እውነት ባይሆንስ የምትዪው?»

«ግማሹ እውነት ነው አባዬ» አለችና የቀኝ መታጠፊያ መብራቷን አበራች።

የመኪና ማቆሚያው አሥራ አራት ዶላር ነበር፤ ሬኒታ ማሽኑን ተሳድባ ካርዷን አስገባች። የካውንቲው ሕንፃ ውጪው የእብነ በረድ ዓምድ ነው፤ ቦርዱ የሚሰበሰበው ግን ታች፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ነው። ኮሪደሩ ላይ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ በየወንበሩ ላይ ማኅደር ያቀፈ ሰው አለ። አንዲት አሮጊት ፎቶዎቿን በዳቦ ላስቲክ ከትታ ይዛለች። ከሮስኮ ጎን የተቀመጠ ወፍራም ሰውዬ የእግረኛው መንገድ በዛፍ ሥር ስለ መሰንጠቁ ሲያጫውተው፣ በሩ ተከፈተና ጥሩ ሱፍ የለበሰ ጠበቃ ከውስጥ በስልክ እያወራ ወጣ። «አለቀ፣ አለቀ፣ ሁለት መቶ ሺህ ወረደ። አይ፣ አምስት ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። የሐይቁ ዳር ቤትም ቀጥሎ ነው» እያለ በፊታቸው አለፈ። ወፍራሙ ሰውዬ ጠበቃውን በዓይኑ ሸኘና፣ «ለዚያኛው ደግሞ ሐይቁ ቤቱ ውስጥ እየገባበት ነው ሊል ይሆናል» አለ። አሮጊቷ ሳቀች። ሮስኮም ሳቀ። ሬኒታ ግን አልሳቀችም፤ ማኅደሯን ጉልበቷ ላይ ከፍታ ቁጥሮቿን በከንፈሯ እያጠናች ነበር። እናቷን ትመስላለች፤ ስታነብ ግንባሯ ላይ ያ መስመር ይወጣል።

ስማቸው ተጠራ። ሦስት የቦርድ አባላት ረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ኮዋልስኪ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን በሰንሰለት ያንጠለጠሉ፣ አነጋገራቸው የረጋ ሴት ናቸው። በቀኛቸው ቤት አሻሻጭ ነኝ ያለ መላጣ ሰው፣ በግራቸው ደግሞ ከስብሰባው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ከረሜላ ሲመጥ አንድም ቃል ያልተነፈሰ ሽማግሌ አለ። ጥግ ላይ አንዲት ጸሐፊ የሚባለውን በኮምፒውተር ትጽፋለች። ሮስኮ ቀኝ እጁን አንሥቶ እውነቱን ብቻ እንደሚናገር ማለ፤ ሬኒታም ማለች። ወይዘሮ ኮዋልስኪ ሰዓታቸውን አዩና፣ «እንግዲህ ይጀምሩ» አሉ።

ሬኒታ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ሃያ ሁለት ነበሩ። ሮስኮ ከዚያ በፊት አላያቸውም፤ ባለፈው እሁድ እሱ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ያነሣቻቸው ናቸው። የመኝታ ቤቱ ጣሪያ ጥግ ላይ ያለች የእጅ መዳፍ የማታክል የውሃ እድፍ፣ ፎቶው ውስጥ ጣሪያውን ሞልታ ቁጭ ብላለች። «የኋላው ክፍል ያለ ፈቃድ የተሠራ ነው። መሠረቱ ጥልቀት የለውም፤ ክረምት ሲመጣ በሩ አይዘጋም» ትላለች ሬኒታ። «የመታጠቢያ ቤቱ ሸክላ ሦስት ቦታ ተነሥቷል። ባለሙያ አልሠራውም።» ወደ አባቷ አታይም። ድምጿ የተሰላ፣ ጥርት ያለ፣ ሆስፒታል ውስጥ ለሐኪም የበሽተኛ ሁኔታ ስታስረዳ የምትናገርበት ድምፅ ነው። «የሳሎኑ ግድግዳ ልስን እየተነፋ ነው። ይሄው። ሲነኩት ይረግፋል።» ሮስኮ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ያያል። ያንን ግድግዳ በ1987፣ ሬኒታ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ፣ ሁለት ሳምንት ነው የለሰነው፤ በጣቷ እርጥቡን ነክታ አበላሽታበት እንደገና የሞላበት ቦታ የቱ ጋ እንደሆነ አሁንም ያውቀዋል። ፎቶው ላይ ፈለገው፤ አይታይም።

መላጣው ሰውዬ ፎቶዎቹን በጣቱ ገፋ አደረጋቸው። «እነዚህ ሁሉ የመልክ ነገሮች ናቸው። ቀለም፣ ሸክላ፣ ልስን። መንገዱ ማዶ ያለው ቤት ባለፈው መስከረም መቶ ዘጠና ሺህ ነው የተሸጠው፤ እሱም ልስኑ ያረጀ ነበር። ግምት የሚያወርደው የመዋቅር ችግር ነው፣ ወይም ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር። እንዲህ ያለ ነገር አላችሁ?»

ሬኒታ ማኅደሯን ገለጠች። ውስጡ ሌላ ምንም አልነበረም። ወይዘሮ ኮዋልስኪ፣ «ሁለት ደቂቃ ቀርቷችኋል» አሉ። የሬኒታ አንገት ሲቀላ ሮስኮ አየ። የአሥራ አራት ዶላሩ ማቆሚያ፣ ያለ ክፍያ የወሰደችው የዕረፍት ቀን፣ የኦስካር ሶፋ፣ ሁሉም አንገቷ ላይ መጥቶ የተቀመጠ ይመስላል።

«ደረጃው» አለች። «ወደ ምድር ቤት የሚወስደው ደረጃ። እርከኖቹ እኩል አይደሉም። አንዱ ከሌሎቹ ከፍ ይላል። እናቴ እዚያ ላይ ወድቃ ነው የሞተችው።»

የጸሐፊዋ ጣቶች ለአፍታ ቆሙ። መላጣው ሰውዬ ከወንበሩ ቀና አለ። «ነፍስ ይማር። ይሄማ ሌላ ነገር ነው። የትኛው እርከን ነው? በምን ያህል ይበልጣል? ለክታችሁታል?»

ሬኒታ ባዶውን ማኅደር እንደገና ገለጠች። አልለካችውም። ይህን ያመጣችው እዚያው ወንበር ላይ ሆና ነው፤ እናቷ የወደቀችው ደረጃው ላይ መሆኑ እውነት ስለሆነ፣ የቀረውን ጨመረችበት እንጂ እርከን ከእርከን መብለጡን አታውቅም። ሰውዬው ይጠብቃል። ከረሜላ የሚመጠው ሽማግሌ እንኳን መምጠጡን አቁሟል። ሮስኮ ልጁ በሦስት ሰዎች ፊት ውሸታም ልትባል መሆኑን አየ። ደግሞ የተጠየቀው ልኬት ነው፤ በልኬት ነገር እሱ ዝም ብሎ አያውቅም።

«አራተኛው ነው» አለ። «ከላይ ሲቆጠር። በአንድ ኢንች ከሩብ ይበልጣል።»

ሬኒታ ወደ እሱ ዞረች። ፊቷ ላይ መጀመሪያ የታየው እፎይታ ነበር፤ አባቷ ነቅቶ ደገፋት፣ ያውም በቁጥር። ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቱን ቸብ አደረገችው። ወይዘሮ ኮዋልስኪ መነጽራቸውን አወረዱ።

«አቶ ቲለሪ፣ ምለዋል፤ ያስታውሱ። ይሄን በምን አወቁ?»

«እኔ ነኛ የሠራሁት። ስንጥቅ ወጥቶበት ነበር። እሷ የሞተችበት ዓመት መጋቢት ላይ ሲሚንቶ ደረብኩበት። ሲደርቅ ከፍ ብሎ አየሁት፤ ለካሁት። ሳምንት እፈልጠዋለሁ አልኩ። ከዚያ የአንድ ሰው ጋራዥ ሥራ መጣ፣ እንዲሁ አለፈ።»

«ባለቤትዎ የወደቁትስ መቼ ነው?»

«ግንቦት ላይ። ልብስ ይዛ እየወረደች።»

«ያኔ ታዲያ ያውቁ ነበር? እርከኑ እንደዚያ መሆኑን?»

ሮስኮ ልጁ ያስጠናችውን ቃል አስታወሰ። «አዎ» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ጉልበቱ ላይ የነበረው የሬኒታ እጅ ቀስ ብሎ ተነሣ።

ቦርዱ እዚያው እፊታቸው በሹክሹክታ ተነጋገረ። ረጅም ጊዜ አልወሰደም። ወይዘሮ ኮዋልስኪ አንብበው እንዳስታወቁት፣ በቤቱ ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ ጉድለት መኖሩ በባለቤቱ ቃል ስለተረጋገጠ ግምቱ ወደ መቶ አራት ሺህ ዶላር ዝቅ ብሏል። እስከ ሰኔ መጨረሻ አንድ መርማሪ መጥቶ በዓይኑ ያያል፤ ያ እስኪሆን ድረስ እርከኑ ባለበት ይቆይ፣ ከተስተካከለ ግን ውሳኔው ሊነሣ ይችላል። «እስከዚያው ሲወርዱ ይጠንቀቁ» ብለው ጨመሩ፤ ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም። መላጣው ሰውዬ ፎቶዎቹን ሰብስቦ አስተካክሎ ለሬኒታ መለሰላትና፣ «ጥሩ ተከራከርሽ» አላት። ሬኒታ አመስግናው ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ወፍራሙ ሰውዬ ተነሥቶ፣ «እህስ? ወረደላችሁ?» አለ። ሮስኮ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «በስንት?» ሲለው ሮስኮ ነገረው። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ቀረና፣ «ጌታዬ፣ ምን ብላችሁ ነው? እኔ ያለኝ የዛፍ ሥር ብቻ ነው እኮ» አለ። ሬኒታ ወደ ሴቶች መጸዳጃ ገብታ ሃያ ደቂቃ ቆየች። ሮስኮ ኮቱን እንደ ቆለፈ በሩ ፊት ቆሞ ጠበቃት። አንድ ጊዜ ውሃ ሲፈስ ሰማ፤ ሌላ ነገር አልሰማም።

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ሬኒታ የምትነዳው እንደ ወትሮዋ በጥንቃቄ ነው፤ መብራት ላይ ትቆማለች፣ ለእግረኛ ታሳልፋለች። ሮስኮ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። የድልድዩን መብራት ሲያልፉ፣ «በዓመት ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዶላር አተረፍን» አለች፤ ለራሷ የምታወራ ይመስል ነበር። «እማዬ ሞታም ትረዳናለች።» ከዚያ በኋላ እስከ ቤት ድረስ ሬዲዮው አየር ሁኔታ አወራ።

ቤት ሲደርሱ ጥላው ትሄዳለች ብሎ አስቦ ነበር። እሷ ግን ሞተሩን አጥፍታ ቀድማው ገባች፤ ጃኬቷን ሳታወልቅ የምድር ቤቱን በር ከፈተች፣ አምፖሉን አበራች። «አሳየኝ» አለችው። ሮስኮ ውኃ ልኩንና ሜትሩን ከመሣሪያ ሣጥኑ አወጣ። ጉልበቱ ስለማይታዘዝለት ግድግዳውን ተደግፎ ነው የወረደው። ሬኒታ እንደ ተለማማጅ አጎንብሳ አየች። ሦስተኛውን ለካ፣ ሰባት ኢንች ተኩል። አራተኛውን ለካ። ሜትሩን ተቀብላው ራሷ ደግማ ለካችው። እግሯን አነሣችና ዓይኗን ጨፍና፣ ሰው ልብስ ተሸክሞ ፊቱን ሳያይ እንደሚወርደው፣ አወረደችው፤ ተረከዟ ከምትጠብቀው ቀድሞ ሲሚንቶውን መታ። ግድግዳውን ያዘች።

ከዚያ እዚያው እርከን ላይ ተቀመጠች። እሱ ታች ቆሞ ነበር፤ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ።

«እኔ ምን ሳስብ እንደኖርኩ ታውቃለህ» አለችው።

ያውቃል። የእናቷን የደም ግፊት ክኒን በየእሁዱ ለየቀኑ በሣጥን በሣጥን እየከፈለች የምታስቀምጥላት ሬኒታ ነበረች። እናቷ ኤርሊን ወድቃ ዳሌዋ ሲሰበር፣ ሆስፒታል የተቀበላቸው ሐኪም፣ ምናልባት መድኃኒት ተደርቦባት አዙሯት ይሆን ብሎ ጠየቀ። ጠየቀ እንጂ ነው አላለም። ኤርሊን በአሥራ ዘጠነኛው ቀን በሳንባ ምች ሞተች፤ ያ ጥያቄ ግን ከሬኒታ ጋር ቀረ። እናቷ በወደቀችበት ሳምንት እሁድ በስልክ እያወራች ነበር ክኒኑን የከፈለችው። ሁለት አስገብታ ይሆናል። ላታስገባም ትችላለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲመላለስባት ኖሯል፤ ባሏን የፈታችው በዚያው ሰሞን ነው፣ እንቅልፍ የምትወስደውም በመድኃኒት ነው።

«ስንት ጊዜ ነገርኩህ ይሄን? እዚያ ላይ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ስንት እሁድ?»

«ብዙ ጊዜ።»

«አንተስ ምን ትለኝ ነበር?»

ሮስኮ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። «‹እግዚአብሔር ያውቃል ልጄ› እልሽ ነበር።»

«ደግመህ በለው።»

«ኒታ።»

«ደግመህ በለው፣ ልስማው።»

አላለውም። ሊነግራት ያሰበባቸው ቀኖች ነበሩ። ከቀብሩ ማግስት ሊነግራት ነበር፤ ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። የፋሲካ ዕለት ሊነግራት ነበር፤ ያን ቀን ደስ ብሏት ስለዋለች ተወው። ከዚያ ዓመት አለፈ፣ ሁለት ዓመት አለፈ፤ መዘግየቱ ራሱ የሚነገር ሌላ ነገር ሆነበት። ይህን ሁሉ ሊያስረዳት ፈለገና ከአፉ የወጣው፣ «ፈልጌ አይደለም» የሚል ብቻ ነበር። ሬኒታ ፊቷን ጠረገች። ስትናገር ያ የሆስፒታል ድምጿ ተመልሷል።

«ዛሬ ባልዋሽ ኖሮ አልሰማውም ነበር ማለት ነው። ለግብር ብዬ ባልዋሽ።»

«አዎ።»

«ልትሞት ስትል ትነግረኝ ነበር?»

አሰበበት። ዛሬ መማሉ አልለቀቀውም። «አላውቅም» አላት።

ተነሥታ ወጣች። መሣሪያ ሣጥኑን ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ዘረገፈችና መሮውን፣ መዶሻዎቹን፣ የሲሚንቶ ማንኪያዎቹን ሁሉ እየመረጠች በቆሻሻ ላስቲክ ውስጥ ከተተች። አርባ ዓመት አብሮት የሠራ፣ እጀታው በመዳፉ ቅርጽ የተበላ ማንኪያ ነበር፤ እሱንም ከተተችው። ሮስኮ ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ በሩ ላይ ሲደርስ ላስቲኩን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ነበር።

«እርከኑን አትነካውም። መርማሪው መጥቶ ያየዋል።»

«እሺ። እሱ ከሄደ በኋላስ?»

«ከሄደም በኋላ። እዚህ እስካለህ ድረስ እንደዚያው ይሁን። ግብሩን ድርሻዬን እከፍላለሁ፣ መንገድ ላይ አትወድቅም። ልብስህን ግን ከዛሬ ጀምሮ ራስህ ይዘህ ውረድ።»

«ኒታዬ...»

«እንደዚያ አትበለኝ። እንደዚያ ትጠራኝ የነበረችው እማዬ ናት።»

የመኪናዋ ዕቃ መጫኛ ሲዘጋ ብረቶቹ ሲንኳኩ ተሰማ። ሄደች። ሮስኮ ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ አደረገና ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ። ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ የተበተኑትን ብሎኖችና ምስማሮች ታሳያለች። ጎንበስ ብሎ አንድ ሁለቱን ለቀመ፣ ተወው። ምሳ አልበላም። ትናንት የተረፈ የዶሮ ሾርባ ነበረው፤ እሳት ላይ ሊጥደው ተነሥቶ ምን ሊያደርግ እንደተነሣ ጠፋው።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም ስልኩ ጮኸ። ሬኒታ መስላው ተሽቀዳድሞ አነሣው። የኤርሊን ታናሽ እህት ቫሽቲ ናት፤ በከተማው ማዶ ብቻዋን የምትኖር፣ ቀልድ የምትወድ፣ በወር አንዴ ኬክ ጋግራ የምትልክለት ሴት።

«አንተ ሽማግሌ፣ እንዴት ሆነ? ዛሬ አልነበረም እንዴ ቀጠሯችሁ?»

«ዛሬ ነበር።»

«ቀነሱላችሁ?»

«ቀነሱልን። ወደ መቶ አራት ሺህ።»

«እልል! በል አሁን አንድም ሳታስቀር ንገረኝ። እኔም ደብዳቤው ደርሶኛል፣ መቶ ሠላሳ ብለውኛል እነዚህ ሌቦች፤ ኤርሊን ብትኖር ይዛኝ ትሄድ ነበር፣ እንግዲህ አንተ አስተምረኝ። ምን አላችኋቸው? ጣሪያውን ነው? የኋላውን ክፍል ነው?»

«ደረጃውን ነው» አላት።

«የቱን ደረጃ?»

ሮስኮ የስልኩን ገመድ ይዞ ቆመ። አንድ ቃል ቢላት ያልፋል፤ ቫሽቲ ወሬዋ ብዙ ነው፣ ወዲያው ወደ ሌላ ትሄዳለች። የምድር ቤቱ በር እንደተከፈተ ነው፣ አምፖሉንም ማንም አላጠፋውም። ወንበሩን በእግሩ ሳበና ተቀመጠ።

«ቫሽቲ፣ ቆመሽ ነው ወይስ ተቀምጠሽ?» አላት።

«ቆሜ ነው፤ ሳህን እያጠብኩ። ምነው?»

«ውኃውን ዝጊውና ተቀመጪ» አላት። በስልኩ ውስጥ ውኃው ሲቆም፣ ወንበር ሲጎተት ሰማ። «ተቀመጥኩ» አለችው ቫሽቲ፤ ድምጿ ውስጥ ቀልዱ የለም። እሱም ከመጋቢቱ ጀምሮ፣ ስንጥቁ መጀመሪያ ከታየው ቀን ጀምሮ፣ ይነግራት ጀመር።